ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያንና አርባ ልጆች

ጥሩምባ የሚለው ቃል በከተማችን ዛሬ የሚነገረው በአብዛኛው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው የመኪና ጥሩምባ ነው፤ ሁለተኛው ገና ጎሕ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ የሰው ዕረፍት የሚያስታውቀው የእድር ጥሩምባ ነው። በቂርቆስ ወይም በመስቀል ፍላወር ተወልዶ ያደገ ወጣት ሁለቱንም አሳምሮ ያውቃቸዋል። ነገር ግን ከዚያው ሰፈር ብዙም በማይርቀው በለገሀር በኩል ሌላ ዓይነት ጥሩምባ ወደ አዲስ አበባ የገባበት ቀን አለ፤ ይኸውም ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ዓመት ሊብት አምስት ቀን ሲቀረው፣ አርባ ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ከጅቡቲ በተዘረጋው የባቡር መንገድ ተጉዘው ከተማችን ደረሱ። አሁን የምናየው አሮጌው የለገሀር ሕንፃ እንኳ በዚያን ጊዜ አልተሠራም ነበር፤ ያለቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ነው። ልጆቹን ይዘው የመጡት የሙዚቃ መምህር የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰው ነበሩ። ስማቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ሲሆን፣ አዲስ አበባ እንደ ልማዷ ሙሴ ኬቮርክ ብላ ጠራቻቸው።

ስለ እኒህ ሰው ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው አንድ ሥራቸውን ብቻ ነው፤ የቀድሞውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ መድረሳቸውን። ይህ እውነት ነው፤ ስለ መዝሙሩም ወደ ታች እንመለስበታለን። ሆኖም በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከመዝሙሩ የሚበልጠው ሥራቸው ሌላ ነው።

ሙሴ ኬቮርክ የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 በአይንታብ ከተማ ነው። አይንታብ በዚያን ዘመን በኦቶማን ቱርክ ግዛት ውስጥ የነበረች፣ ዛሬ ጋዚአንቴፕ የምትባል፣ ከሶርያዋ ከተማ ከሐለብ በስተሰሜን የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። ብዙ አርመኖች ይኖሩባት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ትምህርት ቤታቸው፣ የእጅ ሥራቸውና ሱቃቸው በዚያ ነበር። ይህ ሁሉ ያለቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። በሚያዝያ 1907 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የአርመን ሊቃውንትና ታላላቅ ሰዎች ተይዘው ከታሰሩ በኋላ፣ መከራው በየአውራጃው ተዛመተ። የአይንታብም አርመኖች በዚያው ዓመት ክረምት ከቤታቸው እየተነቀሉ ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ። በመላው ግዛት ያለቀው ሕዝብ ቍጥር ከሚሊዮን ጋር ይነጻጸራል። ጦርነቱ ሲያልቅ ከሞት የተረፉት ጥቂቶች ወደ አይንታብ ተመልሰው ነበር፤ ነገር ግን የፈረንሳይ ጦር አገሩን ሲለቅ እነዚያም ዳግመኛ ተሰደዱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 በሎዛን የተፈረመው የሰላም ውል ስለ አርመን አንድም ቃል ሳያነሣ አለፈ። በተከታዩ ዓመት የመንግሥታት ማኅበር ለአርመን ስደተኞች የናንሰን ወረቀት የሚባለውን የመተላለፊያ ሰነድ ፈቀደላቸው፤ ይህም አገር ለሌለው ሰው የሚሰጥ ወረቀት ነው።

ወላጆቻቸውን ካጡት ልጆች መካከል ብዙዎቹ በኢየሩሳሌም በሚገኘው በቅዱስ ያዕቆብ የአርመን ገዳም ተጠልለው ነበር። ገዳሙ ከልብስና ከምግብ ጋር የእጅ ሥራና ሙዚቃ እንዲማሩ አደረገ። ልጆቹም የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎችን እየተማሩ በሰልፍ የሚጫወት ባንድ አቋቁመው ነበር።

በ1916 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ለመጓዝ ተነሥተው፣ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። የኢትዮጵያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት እኅትማማች ናቸው፤ በቅድስቲቱ ከተማም መነኮሳቱ በጉርብትና ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ስለዚህ ልዑልነታቸው የአርመኑን ገዳም መጐብኘታቸው የሚያስደንቅ አልነበረም። በዚያ የልጆቹን ባንድ ሰሙ፤ የመጡበትንም መከራ ተረዱ። በዚህም ምክንያት ከአርመኑ ፓትርያርክ ከይግሼ ቱርያን ፈቃድ ጠይቀው፣ አርባ ልጆች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡና የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ እንዲሆኑ ተስማሙ። የባንዱ መሪ እንዲሆኑ የተመረጡት ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው።

ልዑልነታቸው በዚህ ሥራ ርኅራኄንና የመንግሥት ጥቅምን አንድ ላይ አስተባብረዋል። ወላጅ አልባ ልጆችን ማሳደግ ጽድቅ ነው፤ በሌላ ወገን ደግሞ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነች አገር የውጭ እንግዳ በሚቀበሉበት ሥርዓት የሚጫወት ባንድ ያስፈልጋት ነበር። ሁለቱን ነገር በአንድ ጊዜ ያየ ሰው የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይመስለንም።

አንባቢ ግን ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ የናስ መሣሪያ አታውቅም ነበር ብሎ እንዳያስብ እናሳስባለን። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎች በስጦታ ልከው፣ ሚሌቭስኪ የሚባል መምህር ወጣቶችን አሠልጥኖ ነበር። ከዚያም በፊት፣ ከጥንት ጀምሮ፣ የቤተ መንግሥት ክብር የሚታወጀው በነጋሪት፣ በመለከትና በእምቢልታ ነው። እምቢልታን ልብ ብሎ ለተመለከተው ብዙ ያስተምራል። አንድ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይጨርስም፤ የሚሰጠው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለ ሆነ፣ ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ ዜማውን ያስገኙታል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ተራ ቆጥሮ መጠበቅ አለበት፤ አንዱ ቢያንቀላፋ ዜማው ይበጠሳል። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ የቤተ መንግሥት ነፊዎች ባንድ የሚባለውን ነገር ግማሹን አስቀድመው ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል።

ሌላው ግማሽ ምንድን ነው ቢባል፣ የተጻፈ ኖታና የቧንቧው ጥበብ ነው። በናስ ቧንቧ ውስጥ ድምፅ የሚፈጥረው የነፊው ከንፈር ነው፤ ከንፈር ጠበብ ሲል ድምፁ ይወጣል፣ ሲላላ ይወርዳል። ነገር ግን ቧንቧው ቁመቱ ካልተለወጠ የሚሰጣቸው ድምፆች በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት አላቸው፤ የእኛም መለከት እንደዚሁ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን ሦስት ፒስተን ጨመሩበት፤ ጣት ፒስተኑን ሲጫን አየሩ በተጨማሪ ቧንቧ ይዞራል፣ የቧንቧው ቁመት ይረዝማል፣ የጎደሉትም ድምፆች ይገኛሉ። ትሮምቦን የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ክንዱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመሳብ ነው። በባንድ ውስጥ ጥሩምባው ዜማውን ይይዛል፤ አልቶ የሚባለው ቀንድ ምቱን ይጠብቃል፤ ትሮምቦን መካከሉን ይሞላል፤ ቱባ ከሥር መሠረት ሆኖ ይረግጣል። አንድ ልጅ ለሰዓታት ከንፈሩን እያደከመ የሚለማመደው ክፍል ለብቻው ሲሰማ ዜማ እንኳ ላይመስል ይችላል። መምህሩ የሚደክመው ልጁ ይህን ታግሦ ሌላውን እንዲሰማ ለማስተማር ነው።

ኖታ መጻፍም ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አልነበረም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት አለው፤ የድጓውን ምልክት በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ሊቃውንት ይናገራሉ። ሆኖም ይህ ለማኅሌት የተወሰነ ነበር፤ እምቢልታ ነፊም ሆነ መሰንቆ መቺ የተማረው በጆሮው ነው።

የዛሬ ተማሪዎች የናስ ባንድ ሲባል የወታደር ሰልፍ ብቻ ስለሚታያቸው፣ እዚህ ላይ ጥቂት ወደ አውሮፓ ወጣ ብለን አንድ ነገር ብናስረዳ አይከፋም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ባደራጁበት በዚያው መቶ ዓመት፣ ህዳሴ በሚባለው ዘመን፣ በኢጣልያ በቬኒስ ከተማ የትሮምቦን ትልቁ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1585 እስከ 1612 በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ የነበረው ጆቫኒ ጋብሪኤሊ፣ ነፊዎችንና ዘማሪዎችን በተለያዩ ሰገነቶች ላይ ከፋፍሎ አቁሞ፣ እንደ እኛ ግራና ቀኝ መዘምራን ዜማውን ያቀባብላቸው ነበር። በ1597 ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስድስት ትሮምቦን፣ ኮርኔት የሚባል ቆዳ የለበሰ የእንጨት ቀንድና አንድ ቫዮሊን በሁለት ወገን ሆነው የሚጫወቱት ድርሰት ይገኛል፤ በዚህ ድርሰት ላይ የትኛው መሣሪያ የትኛውን ክፍል እንደሚጫወት፣ የትስ ላይ ድምፅ ዝቅ እንደሚል፣ የትስ ላይ ከፍ እንደሚል በግልጽ ተጽፎአል፤ በዚያ ዘመን ይህ የተለመደ አልነበረም። ይህ ሙዚቃ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ከኖረ በኋላ በሃያኛው መቶ ዓመት የናስ ጓዶች በሸክላ እየቀዱ ለዓለም አሰሙት። በለንደን በ1951 የተመሠረተው የፊሊፕ ጆንስ ጓድ፣ በ1968ም ከፊላዴልፊያ፣ ከክሊቭላንድና ከቺካጎ ኦርኬስትራዎች ተውጣጥተው በአንድ ላይ የቀዱት የአሜሪካ ነፊዎች በዚህ ይታወቃሉ። እነዚህን ቅጂዎች የሚያዳምጥ ሰው ጥሩምባና ትሮምቦን ለጸሎትም የተሠሩ መሆናቸውን ወዲያው ይረዳል።

ከአውሮፓ የመጣ የህዳሴ ዘመን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት በደረሰበት ታሪክ ውስጥም አንድ አርመን መኖሩ ያስገርማል። ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላኩት መልእክተኛ ማቴዎስ አርመን ነበር። እርሱ በ1520 የፖርቱጋልን መልእክተኞች ይዞ ሲመለስ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ መልእክተኞቹ ግን ኦርጋንና የሚመታውን ሙዚቀኛ ይዘው ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደረሱ። ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ቀረ፤ ተማሪ አልተተካምና።

ሙሴ ኬቮርክ የሚለዩት በዚህ ነው፤ እሳቸው ተማሪ ተክተዋል። አርባ ልጆች በኢትዮጵያ መንግሥት ይፋ የሙዚቃ ጓድ ተብለው ታወቁ። ሥራቸውም ቀላል አልነበረም፤ ቋንቋውን ገና የሚማሩ፣ እናትና አባታቸውን የት እንደ ቀሩ የማያውቁ ወጣቶች፣ የሹማምንትና የውጭ መልእክተኞች ዓይን ባለበት አደባባይ ቆመው መንፋት ነበረባቸው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ልዑል አልጋ ወራሽ ለኢትዮጵያ በሥርዓት የሚጫወት መዝሙር እንዲደርሱ ሙሴ ኬቮርክን አዘዙ። በዚያን ጊዜ በዙፋኑ ላይ የነበሩት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ናቸው። ዜማው በአውሮፓ ማርሽ ሥርዓት ተደረሰ፤ ማርሽ ተፈሪም ተባለ። ግጥሙን የጻፉት የደብረ ኤልያሱ ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ ሲሆኑ፣ ሕዝቡ መዝሙሩን በመጀመሪያ ቃላቱ ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ ብሎ ያውቀዋል። እኒህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ማሰብ ይገባል። ዮፍታሔ ከጎጃም የቅኔ ጉባኤ የወጡ፣ ቃሉን በሰምና ወርቅ የሚመዝኑ ሰው ናቸው፤ ኬቮርክ ደግሞ ከጠፋ ከተማ የመጡ፣ ምቱን በአራት በአራት የሚቆጥሩ የባንድ መሪ ናቸው። የአማርኛ ስንኝ የራሱ እርምጃ አለው፤ ማርሽም የራሱ እርምጃ አለው፤ ሁለቱ በየቦታው ካልተገናኙ ዘማሪው ቃሉን ይሰብራል ወይም ምቱን ይስታል። ይህ መዝሙር ከአርባ ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱ ሕፃናት ሳይቀሩ ያለ ችግር መዘመራቸው ሁለቱ ሥራቸውን በሚገባ እንደ ሠሩ ያስረዳል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ፣ ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከኢጣልያ የኡዲኔ ልዑል፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬና ሌሎችም እንግዶች አዲስ አበባ ነበሩ። በዚያ በዓል የተሰማው የኢትዮጵያ መዝሙር ይኸው ነው። የየአገሩ መልእክተኛ በየመንግሥቱ መዝሙር እንደሚቆም ለኢትዮጵያም ቆመ። ዜማውን የደረሱት ሰው ግን በዚያን ቀን በነፃነት የቆመ፣ መዝሙር የሚዘመርለት የራሳቸው መንግሥት አልነበራቸውም። ይህን ጉዳይ የመንግሥት ሥራ ለመያዝ የሚሰናዱ ወጣቶች ቆም ብለው ቢያስቡበት አይጐዱም።

ከዚህ ቀደም ብሎ አርባ ልጆች እንደ አንድ ጓድ መቆማቸው በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አብቅቶ ነበር። አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ ሌሎቹ በኢትዮጵያ ቀርተው ሥራ ያዙ፣ ትዳር መሠረቱ። የንጉሠ ነገሥቱን ባንድ ስዊሳዊው አንድሬ ኒኮ ተረከቡት። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ የውጭ አገር ሠራተኛ ደመወዙን ተቀብሎ መርከብ ይሳፈራል። ሙሴ ኬቮርክ ግን ቀሩ። ሙዚቃ ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ በዚያ ዘመን ገና በማቆጥቆጥ ላይ ለነበረው የመድረክ ቲያትርም ዜማ ደረሱ።

የአይንታብ ተወላጅ የሆነው የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በሐለብ አድጎ በ1930ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ መጣ፤ ከአጎቱም ሥራውን ተረከበ። ከነፃነት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን፣ ቀጥሎም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሙዚቀኞች ያሠለጠነው፣ የአገሩን ዘፈን ለብዙ መሣሪያ እየከፋፈለ የጻፈው፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ያስተማረው እርሱ ነው። ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የአውሮፓን ስምምነት ያለ መጠን የሚጭን ሰው መልካቸውን ያጠፋዋል። ነርሲስ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ስለ ነበረ ሥራው እስከ ዛሬ ይደመጣል። የኢትዮጵያ ዜግነት ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ነው፤ ያረፈውም በ1977 ነው። ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስም በየፊናቸው ባንድ አቁመው፣ እንደ ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ያሉ ሌሎች መምህራን ደከሙበት። ከእነዚህ ጓዶች በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የተሰማው፣ በኋላም ዓለም ያደነቀው ዘመናዊ ሙዚቃ ወጣ።

ሙሴ ኬቮርክ ያረፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው፤ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ገደማ። መዝሙራቸው ከእሳቸው በኋላ አሥር ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። የ1966ቱ አብዮት ዙፋኑን ከገለበጠ በኋላ፣ በ1975 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአሰፋ ገብረ ማርያም ግጥምና በዳንኤል ዮሐንስ ዜማ የተዘጋጀ ሌላ መዝሙር ተተካ፤ እርሱም በተራው በ1992 ደረጀ መላኩ ግጥሙን፣ ሰለሞን ሉሉ ዜማውን ለሠሩት ለዛሬው መዝሙር ቦታውን ለቀቀ። የመንግሥት መዝሙር ከመንግሥት ጋር ይመጣል፤ ከመንግሥት ጋር ይሄዳል። እነዚህን ሦስቱንም መዝሙሮች ግን በየዘመናቸው በአደባባይ የነፉአቸው ኖታ የሚያነቡ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ገና በሕይወት ሳሉ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949፣ ጌታቸው መኩሪያ የሚባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ተቀጠረ። ይህ ልጅ በኋላ ሳክስፎን ይዞ ነበር የታወቀው፤ ሳክስፎን ገላው ናስ ቢሆንም ድምፁ ከሸምበቆ ምላስ ስለሚወጣ ከጥሩምባ ጋር አይቆጠርም። ጌታቸው በዚያ መሣሪያ የጀግኖችን ሽለላና ፉከራ፣ ያለ አንድ ቃል፣ በትንፋሽ ብቻ ያሰማ ጀመር። ሸክላውም ተቀዳ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ሳይቀር ሲጫወት ኖሮ በ2016 አረፈ።